አቶ ኃይሉ መርጊያ በስተእርጅና ያወጡት አልበም

ስለ ዘመናዊው ሙዚቃችን በተነሣ ቁጥር የሚጠራው የዘፋኙ ስም ነው። ከኋላው ተቀምጦ የሚያጅበው ባለመሣሪያ የሚታወሰው ከስንት አንዴ ነው። የዛሬው ንግግራችን ከእነዚሁ አጃቢዎች ስለ አንዱ፣ ስለ አቶ ኃይሉ መርጊያ፣ ይልቁንም ዕድሜያቸው 70 ካለፈ በኋላ ስላወጡት «ላላ በሉ» ስለተባለው አልበም ይሆናል።

አቶ ኃይሉ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበሩ። ባንዱ በ1981 (ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ከባልደረቦቻቸው አንዳንዶቹ ሲመለሱ፣ እርሳቸው በዚያው ቀሩ። በ1985 «ሸሞንሟናዬ» የተሰኘውን ካሴት ብቻቸውን ተጫውተው አስቀዱ። በኋላም መተዳደሪያቸው በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ መንዳት ሆነ።

ነገሩ እንደገና የተነሣው ከወደ ጎጃም ነው። ዓባይን ተሻግሮ በደጀን፣ በአምበርና በደብረ ማርቆስ የሚያልፈው መንገደኛ ወደሚደርስባት ወደ ባሕር ዳር ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ሄዶ ያንን ካሴት አገኘ፤ በ2013ም እንደገና አሳተመው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ «ላላ በሉ» ወጣ።

አልበሙ ስድስት ዜማዎች ይዟል። በባስ ማይክ ማይኮቭስኪ፣ በከበሮ ቶኒ በክ ያጅባሉ። መክፈቻው «ትዝታ» ሲሆን መሪው አኮርዲዮን ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። የመሰንቆ ጭራ በደጋኑ ሲታሽ ድምፁ ሳይቋረጥ እንደሚጎተት ሁሉ፣ አኮርዲዮንም በወናፉ ትንፋሽ አንዱን ድምፅ እስከ ፈቀደው ድረስ ያቈየዋል። ፒያኖ ግን አንዴ ከተመታ በኋላ ድምፁ እየሳሳ ይጠፋል። ስለዚህ የትዝታ ቅኝት በአኮርዲዮን ሲጫወቱት አገሩን ያገኘ ይመስላል። ከዚያ ወዲያ ባሉት አንዳንድ ዜማዎች፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከበሮው ጥቂት የሚበዛ ይመስለኛል።

ምናልባት አንባቢ፣ «በዚህ ዕድሜ የተሠራ ሥራ የድሮውን መድገም አይደለምን?» ይሉ ይሆናል። እኔም ሳላዳምጠው እንዲሁ ገምቼ ነበር። ነገር ግን አቶ ኃይሉ ኪቦርዳቸውን በታክሲያቸው የዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዘው ይዞሩ ነበር። በአውሮፕላን ማረፊያው ተራ ሲጠብቁ አውጥተው፣ ከኋላው ወንበር ተቀምጠው ይለማመዳሉ፤ ተራቸው ሲደርስ መልሰው ይከቱታል። ሰሚ አልነበራቸውም። የመጨረሻውን ዜማ፣ «የፍቅር እንጉርጉሮ»ን፣ ያለ አጃቢ በፒያኖ ብቻ ይጫወቱታል፤ የጣቶቻቸውን እርጋታ የሚሰማ ሰው እነዚያን የጥበቃ ሰዓታት በውስጡ ያገኛቸዋል።