ማኅበር የአባሎቹን ችግር እንዴት ይወቅ? ያወቀውንስ እንዴት ይንገር?



በደሴ ከተማ በሆጤ ሰፈር አንድ ሰው ያረፈ እንደ ሆነ ጎረቤቱ ሁሉ ወዲያው ይሰማል። ድንኳን ይተከላል፤ ወንበር ይደረደራል፤ ሐዘንተኛው ብቻውን አይተውም። ይህን የሚያደርገው በሌላው አገር እድር የሚባለው፣ በወሎ ግን ቅሬ በመባል የሚታወቀው ማኅበር ነው። ቅሬ የሞተውን ለመቅበርና ያዘነውን ለማጽናናት የማንንም አማካሪ ምክር አይሻም፤ ከአባቶቹ የተማረው ይበቃዋል። ነገር ግን በዘመናችን አያሌ እድሮችና ቅሬዎች፣ የሴቶችና የወጣቶች ማኅበሮችም ከቀብር የሰፋ ሥራ ይዘዋል። ጧሪ የሌላቸውን ሽማግሌዎች ይረዳሉ፤ ወላጅ ላጡ ልጆች ደብተር ይገዛሉ። ለዚህ ሥራ ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ ይኸውም የሕዝቡን ችግር በትክክል ጠይቆ ማወቅና ያወቁትን መልሶ መንገር ነው።

እነዚህን ሥራዎች በዋጋ የሚሠሩ አማካሪዎች ዛሬ በየከተማው ይገኛሉ። አንዱ መጠይቅ አዘጋጅቶ ጥናት ያጠናል፤ ሌላው ድረ ገጽ ይሠራል። የሚከፈለው ገንዘብ ግን የአባሎች መዋጮ ስለ ሆነ፣ የማኅበር መሪ ምን እንደሚገዛ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

በመጀመሪያ ስለ መጠየቅ እንናገር። ባለሙያ ሴት የወጧን ጣዕም ለማወቅ ድስቱን ሁሉ አትጨርስም፤ ደኅና አድርጋ ካማሰለች በኋላ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ሳታማስል ከላይ ከላይ ብትቀምስ ግን የምታገኘው ዘይቱን ብቻ ነው። የናሙና ጥናት ማለትም ይኸው ነው። ከብዙው ሕዝብ ጥቂቱን መጠየቅ ይበቃል፤ ነገር ግን ጥቂቱ የብዙው እውነተኛ አምሳያ መሆን አለበት።

ይህን የዘነጋ ትልቅ መጽሔት በአሜሪካ አገር ነበረ። ሊትረሪ ዳይጀስት የተባለው ይህ መጽሔት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936 ዓ.ም. ማን ፕሬዚዳንት እንደሚሆን ለማወቅ ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች ወረቀት ላከ፤ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጥ መልስም አገኘ። በዚህ ተማምኖ ላንደን ያሸንፋል ሲል አሳተመ። ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ክፍላተ አገር በ46ቱ አሸነፉ። ስሕተቱ ከየት መጣ? መጽሔቱ የሰዎቹን ስም የሰበሰበው በአብዛኛው ስልክና አውቶሞቢል ካላቸው ሰዎች መዝገብ ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ደግሞ ድኻው ስልክም አውቶሞቢልም አልነበረውም። ከተላከላቸውም ሰዎች የሚበዙት መልስ አልሰጡም። በዚያው ጊዜ ጆርጅ ጋሉፕ የተባለው ሰው እጅግ ያነሱ ሰዎችን በጥንቃቄ መርጦ በመጠየቅ አሸናፊውን በትክክል ተናገረ።

እንግዲህ 400 አባሎች ያሉት አንድ ቅሬ 80 ሰዎችን ለመጠየቅ ቢያስብ፣ ወደ ስብሰባ የመጡትን 80 ሰዎች መጠየቅ አይበቃውም። በሽተኛው፣ አራሷና የቀን ሠራተኛው ከስብሰባ ይቀራሉ፤ ችግሩ የሚበረታውም በእነርሱ ላይ ነው። ይልቁንም የአባሎችን መዝገብ ይዞ ከ1 እስከ 5 ካሉት ቁጥሮች በአንዱ ላይ ዕጣ ያውጣ። ዕጣው 3 ቢወጣ፣ 3ኛውን፣ 8ኛውን፣ 13ኛውን እያለ በየአምስቱ ይጥራ። የተመረጠው ሰው ከቤቱ ቢታጣ፣ ሰኞ ገበያ ወጥቶ እንደ ሆነ በሌላ ቀን ተመልሶ ይጠይቀው እንጂ በጎረቤቱ አይተካው።

ይሉኝታም ትልቅ እንቅፋት ነው። የቅሬው ዳኛ ራሱ በር አንኳኩቶ «አገልግሎታችን ጥሩ አይደለምን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ጥሩ ነው» ከማለት በቀር ማን ሌላ ይመልሳል? ስለዚህ ጠያቂው ከማኅበሩ ሥልጣን የሌለው ሰው ይሁን። ጥያቄውም «ባለፉት 12 ወራት ምን ርዳታ አገኙ? በስንት ቀንስ ደረሰልዎ?» የሚል፣ በተደረገው ነገር ላይ የቆመ ይሁን።

ሰው በትክክል ቢመረጥም ጥያቄው የሳተ እንደ ሆነ ጥፋቱ ከባድ ነው። ለዚህ ምስክር የምትሆነው ራሷ ደሴ ናት። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረሀብ ሲጸና የደሴ የእህል ዋጋ እምብዛም አልናረም ነበር። የገበያን ዋጋ ብቻ የሚጠይቅ ሰው አገሩ ደኅና ነው ባለ ነበር። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን ይህንኑ የደሴ ዋጋ መርምረው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ምክንያቱን አስረዱ። ገበሬው አዝመራው ስለ ጠፋበት እህል የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም፤ የሚገዛ ከሌለ ደግሞ ዋጋ አይወጣም። መጠየቅ የነበረበት «እህል ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ሰው በምን ይገዛል?» የሚለው ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ መንገር ነው። ያው የወሎ ረሀብ ያየው ሰው ጥቂት አልነበረም፤ የጎደለው ወሬውን የሚያደርስ ነበር። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በአዲስ አበባ አሳዩ፤ ዓለም በሰፊው የሰማው ግን የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልሙን በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ካሳየ በኋላ ነው። በመካከሉ ባለፉት ወራት ብዙ ነፍስ ጠፋ። ታውቆ ያልተነገረ ነገር ካልታወቀ አይሻልም።

ስለዚህ ማኅበር ጥናቱን በሣጥን ቆልፎ አያስቀምጥ። ድረ ገጽ በኢንተርኔት ላይ የተሰቀለ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነውና፣ ማኅበሩ ማን እንደ ሆነ፣ ምን እንደሚሠራ፣ የት እንደሚገኝና ገንዘቡን በምን ላይ እንዳዋለ ገና ሲከፈት ይናገር። ብዙ ሰው የሚያነበው በስልኩ ስለ ሆነ ከባድ ሥዕል አይጫንበት፤ የአንባቢውን ገንዘብ ይበላልና። ጽሑፉም በአማርኛ ፊደል የተጻፈ እንጂ በፎቶግራፍ የተነሣ አይሁን፤ ፎቶግራፍ የሆነ ጽሑፍ ተፈልጎ አይገኝም። አድራሻው በሠራው ሰው ስም ሳይሆን በማኅበሩ ስም ይመዝገብ፤ የይለፍ ቃሉንም ሁለት ኃላፊዎች ይያዙት። አለዚያ ሠሪው አገር የለቀቀ ዕለት ገጹም አብሮት ይሄዳል።

የተረጂዎች ስምና ሕመም ግን ከቶ አይውጣ። ይህ የጨዋነት ግዴታ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321ም የግል መረጃን ይጠብቃል። መዝገቡም በወረቀት ተገልብጦ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ አያሌ ሰው ቤቱን ትቶ መሰደዱን ማንም አይረሳውም።

ስልክ የሌላቸውም እናቶች አሉና፣ በድረ ገጽ የተጻፈው ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ መልስ በቃል ይነገር። ከአማካሪ ጋር ስትዋዋሉም ውጤቱን ብቻ ሳይሆን መጠይቁንና የተመረጡበትን መንገድ በጽሑፍ ተቀበሉ። ከዚያም በሚመጣው ስብሰባ «ያልጠየቅነው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ምናልባት ማኅበሩ የተቋቋመው ለዚያው ላልተጠየቀው ሰው ይሆናል።