ኮምፒዩተር የኢንተርኔትን መጨናነቅና የሕዝብን ስሜት እንዴት ይገምታል?

“ማሽን ለርኒንግ” የሚባለውን ነገር በዜና ሳንሰማ የምንውልበት ቀን የለም ማለት ይቻላል። ብዙዎቻችን ግን ምን እንደሆነና እኛን የሚነካን በየት በኩል እንደሆነ ግልጽ አልሆነልንም። በዛሬው ጽሑፋችን ሁለት ሥራዎቹን መርጠን እናያለን። አንደኛው የኢንተርኔት መሥመር መቼ እንደሚጨናነቅ አስቀድሞ መገመት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሰዎች ከጻፉት ተነሥቶ የሕዝብን ስሜት መለካት ነው።

ማሽን ለርኒንግ ምንድን ነው?

በተለመደው አሠራር ባለሙያው ለኮምፒዩተር “እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ” እያለ ትእዛዙን አንድ በአንድ ይጽፋል። በማሽን ለርኒንግ ግን ለኮምፒዩተሩ የሚሰጠው ብዙ ምሳሌ ነው። ኮምፒዩተሩ ምሳሌውን አይቶ ይገምታል፤ ግምቱ ከትክክለኛው መልስ ምን ያህል እንደራቀ ያሰላል፤ ስሌቱን ጥቂት አስተካክሎ እንደገና ይገምታል። ይህ ብዙ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ስሕተቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1959 ያስተዋወቀው የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረባ የነበረው አርተር ሳሙኤል ሲሆን፣ እርሱም ኮምፒዩተርን ዳማ መጫወት ያስተማረ ሰው ነው።

የኢንተርኔት መጨናነቅ

መረጃ የሚያስተላልፉት መሣሪያዎች በየጊዜው፣ ብዙውን ጊዜም በየ5 ደቂቃው፣ ምን ያህል መረጃ እንዳለፈ ይመዘግባሉ። ኮምፒዩተሩ የዛሬን ምሽት ለመገመት ያለፈውን አንድ ሰዓት፣ የትናንትን ምሽትና ያለፈውን ሳምንት ተመሳሳይ ቀን ያመሳክራል። ኩባንያዎች በዚህ ግምት የት ቦታ መሥመር መጨመር እንዳለባቸው ያውቃሉ። የሚያልፈው መረጃ ከተገመተው እጅግ በልጦ ሲገኝም ጥቃት ወይም ብልሽት ሊኖር እንደሚችል ይጠረጥራሉ።

ነገር ግን ሕዝብ የሚኖረው በሰዓት ብቻ ሳይሆን በበዓሉም ነው። በእስራኤል በዮም ኪፑር ቀን መንገዱ ጭር ይላል፤ ቴሌቪዥንና ሬዲዮም ይዘጋሉ። ከዚያ በ50ኛው ቀን፣ ሔሽቫን 29፣ የሲግድ በዓል ሲደርስ ደግሞ ብዙ ሺህ ሰው ኢየሩሳሌም ይሰበሰባል፤ ሁሉም በያዘው ስልክ ፎቶግራፍና ቪዲዮ ይልካል። እነዚህ በዓላት በፈረንጆች አቆጣጠር በየዓመቱ ቀናቸው ይለዋወጣል። ስለዚህ የዕብራይስጡን አቆጣጠር ያላስተማሩት ኮምፒዩተር በዚያ ቀን ግምቱ ይስታል።

ከዚህም የባሰ፣ ከዚህ በፊት ያልታየ ነገር ሲመጣ ያለፈው ምሳሌ አይረዳም። በመጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት ዓለም ቤቱ ሲቀመጥ የኢንተርኔት አጠቃቀሙ በድንገት ተለወጠ። ኔትፍሊክስና ዩቲዩብም መሥመሩ እንዳይጨናነቅ በአውሮፓ የቪዲዮአቸውን ጥራት ለጊዜው ቀንሰው ነበር።

የሕዝብን ስሜት መለካት

እ.ኤ.አ. በ2002 ቦ ፓንግ፣ ሊልያን ሊ እና ሺቫኩማር ቫይትያናታን የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ ፊልም የተጻፉ አስተያየቶችን ለኮምፒዩተር ሰጥተው “ይህ ምስጋና ነው ወይስ ነቀፋ?” ብለው ጠየቁት። ሰዎች ራሳቸው መርጠው በሰጧቸው የቃላት ዝርዝር ሲሞከር ውጤቱ ከ70 ከመቶ አላለፈም። ኮምፒዩተሩ ከምሳሌ ሲማር ግን 83 ከመቶ ገደማ ደረሰ። ዛሬ ኩባንያዎች፣ ፖለቲከኞችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በዚሁ ዘዴ ሕዝቡ ምን እንደሚሰማው ለማወቅ ይሞክራሉ።

አማርኛችን ለዚህ ሥራ ቀላል አይደለም። “አልወደድኩትም” አንድ ቃል ነው፤ ፊትና ኋላው ቢቆረጥ ግን “ወደድኩት” ሆኖ ትርጉሙ ይገለበጣል። “ፀሐይ” የሚለውን ቃል አንዱ በጸሎቱ “ጸ”፣ ሌላው በፀሐዩ “ፀ” ይጽፈዋል፤ ኮምፒዩተሩ ካልተነገረው የተለያዩ ቃላት ይመስሉታል። ሰምና ወርቁማ ከሁሉ ይከብዳል። አንድ ሰው “እግዜር ይስጥልን፣ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው ያስጠበቃችሁን” ብሎ ቢጽፍ እኛ ምሬቱን እንሰማለን፤ ኮምፒዩተሩ ግን ምስጋና ብሎ ሊመዘግበው ይችላል።

ይህን ጉድለት ለመሙላት የተጀመረ ሥራ አለ። በ2023 አፍሪሴንቲ የተባለ ስብስብ ይፋ ሆኗል። በውስጡ በ14 የአፍሪካ ቋንቋዎች የተጻፉ ከ110,000 በላይ የትዊተር መልእክቶች ሲኖሩ፣ አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛም ይገኙባቸዋል። እያንዳንዱ መልእክት ደስታ ወይም ቅሬታ ወይም ሁለቱንም ያልያዘ መሆኑን የለዩት ቋንቋውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

እኛን የሚመለከተው የቱ ነው?

“ሕዝቡ እንዲህ ይላል” ተብሎ ቁጥር ሲቀርብልን ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይገባናል። ጽሑፉ የተሰበሰበው በየትኛው ቋንቋ ነው? ከእነማን ነው? ምሳሌውን ለይቶ ለኮምፒዩተሩ ያስተማረውስ ማን ነው? በዕብራይስጥ ብቻ የተለካ ስሜት በአማርኛ የሚያወሩትን ወላጆቻችንን አያካትትም። ቅሬታቸውን በቡና ላይ የሚናገሩ፣ ኢንተርኔት ላይ ግን የማይጽፉ ሽማግሌዎችና እናቶች በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም።

ሌላም ነገር አለ። “ፍትሕ ይሰጠን” የሚል ጽሑፍ በኮምፒዩተሩ ዘንድ “ቁጣ” ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። ቁጥሩ ቁጣ መኖሩን ይነግረናል እንጂ ቁጣው ተገቢ መሆን አለመሆኑን አይነግረንም። ያንን መርምሮ መልስ መስጠት ያለበት ሰው ነው።

ስለዚህ የቴክኖሎጂ ትምህርት ላይ ያላችሁ ወጣቶቻችን፣ የአባት የእናታችሁን ቋንቋ አጥብቃችሁ ያዙ። አማርኛን ጠንቅቆ የሚያውቅና ኮምፒዩተሩንም ማስተማር የሚችል ሰው ከሌለ፣ የወላጆቻችን ድምፅ ሳይቆጠር ይቀራል።