የደባርቅ መስኮትና ብረቶቹ

ከጎንደር ተነስቶ በዳባት በኩል ደባርቅ የገባ መንገደኛ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ከ700 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቷል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ደባርቅ 2,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ ጎንደር በነጠላ ያመሸ ሰው ደባርቅ ላይ ጋቢ ይፈልጋል። ክረምት ሲገባ ዶፉና ጭጋጉ ይመጣል፤ በረዶም ይቀላቀልበታል። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ሌሊቱ ውርጭ ነው። በዚህ አገር ቤት የሠራ ሰው ስለ ግድግዳው ውፍረትና ስለ ቆርቆሮው ጥራት አብዝቶ ያስባል። መስኮቱን ግን አናጢው ባለው እንጨትና ሱቁ ባለው ማጠፊያ ይጨርሰዋል። ብርዱም ውሃውም መግቢያ የሚያገኙት እዚያው ላይ ነው።

የጥንቱ ደጋ ቤት ይህ ጣጣ አልነበረበትም። ክብ የሣር ጎጆ በአብዛኛው መስኮት አልነበረውም፤ ብርሃኑ በበሩ ይገባል፣ ጭሱ በሣሩ መሃል እየሾለከ ይወጣል። ጭሱ ዓይን ቢያቃጥልም ክዳኑን ከነቀዝና ከሻጋታ ይጠብቅ ነበር። ቆርቆሮ ሣሩን ሲተካ ግን ጭሱ መውጫ አጣ፤ አራት ማዕዘኑ ቤት የግድ መስኮት አስፈለገው። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሊማሊሞ ገደል ላይ መኪና የሚያሳልፍ መንገድ ጠርበው ስለነበር ቆርቆሮና ምስማር፣ ማጠፊያና መስታወት በዚያው መንገድ በመኪና መጫን የሚቻልበት ዘመን መጣ። የደባርቅና የዳባት መስኮት የዚያ ዘመን ልጅ ነው ቢባል ያስኬዳል።

እንጨት ጠርቦ መስኮት መሥራት ግን ለአካባቢው አዲስ አይደለም። ከላሊበላ በስተ ሰሜን ዋሻ ውስጥ የቆመው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የዛግዌ ዘመን ሥራ ነው። ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በኖራ የተለሰነ ድንጋይ እየሆነ ተደራርቦ የተሠራ ሲሆን መስኮቶቹ በመስቀልና በሐረግ ቅርጽ የተፈለፈሉ ናቸው። ብዙዎች ይህን ሲያዩ የሚደነቁት በጠራቢው እጅ ነው። እኔ ግን የዋሻውንም ድርሻ እቆጥራለሁ፤ ስምንት መቶ ዓመት ገደማ ዝናብ ያልነካው እንጨት ነውና። ደግሞም አይከፈቱም። ማጠፊያ የለም፣ የሚንቀሳቀስ ጠርዝ የለም፣ ስለዚህ በመክፈትና በመዝጋት የሚላላ ነገርም የለም። የደባርቁ አናጢ ሥራ ከዚህ ይከብዳል፤ የሚከፈት፣ የሚዘጋና ዝናብ ፊት ለፊት የሚመታው መስኮት ነው የሚሠራው።

በዚያ ላይ እንጨቱ ራሱ አያርፍም። ለበርና ለመስኮት የሚመረጠው ዋንዛ ነው፤ ለመላጊያ ይመቻል፣ ብዙም አይጣመምም። ጥድ ደግሞ ብስባሴን የሚችል ነው። አዋጅ ቁጥር 94/1986 ግን ዋንዛን፣ ጥድን፣ ዝግባንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከለከለ፤ ደኑም ቢሆን አስቀድሞ አልቆ ነበር። የቀረው በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፣ ጠንካራም ነው፤ ነገር ግን ሲደርቅ በስፋቱ በኩል እጅግ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ ይጠማዘዛል። ከጣውላ የተገጣጠመ 60 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው መዝጊያ በ3 በመቶ ቢኮማተር 18 ሚሊ ሜትር ያጣል። ያ ክፍተት በየመገጣጠሚያው ተከፋፍሎ ነፋስ ማስገቢያ ይሆናል። ክረምት ላይ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ መልሶ ሲያብጥ ደግሞ መዝጊያው መቃኑ ውስጥ ይቀረቀራል። ሰውየው በብስጭት መላጊያ አስመጥቶ ጠርዙን ያስልጋል፤ በጥር እንደገና ሲደርቅ የተላገው ቦታ ሁለት እጥፍ ክፍት ሆኖ ይገኛል። መድኃኒቱ ጥሬ ባሕር ዛፍ አለመግጠም ነው። ጣውላው ተሰንጥቆ፣ በመሃሉ አየር እንዲያልፍ ተደርድሮ፣ ጥላ ሥር ወራት መቆየት አለበት። ደንበኛው ግን በሳምንት ቤት ሊገባ ይፈልጋል፤ አናጢውም እምቢ ቢል ሥራው ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል።

አሁን ወደ ብረቱ እንምጣ። በየሱቁ የሚሸጠው ተራ ማጠፊያ ሁለት ክንፍና አንድ ዘንግ ነው። 60 በ100 ሳንቲሜትር የሆነ መዝጊያ ባለ 4 ሚሊ ሜትር መስታወት ቢሆን መስታወቱ ብቻ 6 ኪሎ ይመዝናል፤ የመስታወት ክብደት በካሬ ሜትር ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት 2.5 ኪሎ ነውና። ይህ ክብደት የላይኛውን ማጠፊያ ከመቃኑ ወደ ውጭ ይስበዋል፣ የታችኛውን ይጫነዋል። ለዚህ ነው ያረጀ መስኮት ሁልጊዜ በላይኛው ማጠፊያ በኩል ተነቅሎ፣ በእጀታው በኩል ወርዶ፣ ታችኛውን መቃን ሲያርስ የሚታየው። ጥፋቱ ከማጠፊያው ይልቅ የብሎኑ ነው። ከማጠፊያው ጋር በከረጢት የሚመጣው አጭር ብሎን፣ ያውም በካቻቪቴ መዞር ሲገባው በመዶሻ ተመትቶ የገባ፣ የእንጨቱን ሥር ቀዶ ስለሚገባ ምንም አይጨብጥም። ቀጭን ቀዳዳ አስቀድሞ በስቶ ረዘም ያለ ብሎን ማዞር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ነፋሱም የራሱ ሒሳብ አለው። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ፣ የደጋው አየር ስስ መሆኑ ታስቦ እንኳ፣ ያንኑ መስኮት 11 ኪሎ በሚያህል ኃይል ይገፋዋል። መዝጊያው በመሃል በአንድ መወርወሪያ ብቻ ከተያዘ ላይኛውና ታችኛው ጥግ እየተገፋ ይርገበገባል፤ ሌሊት ቋ ቋ የሚለው እሱ ነው። ሁለት መወርወሪያ፣ አንድ ከላይ አንድ ከታች፣ ጥጉን ከመቃኑ ጋር ያጣብቀዋል። ሲከፈት ደግሞ መንጠቆ ያስፈልገዋል፤ አለበለዚያ ድንገት የመጣ ነፋስ አላግቶ መስታወቱን ያወርደዋል።

ዝናብን በተመለከተ ዋናው ዘዴ ከሱቅ የሚገዛ አይደለም። ውሃ ወደ ታች ብቻ የሚፈስ ይመስለናል፤ ከመስኮቱ ሥር ባለው ደፍ ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን ጠርዙን ታኮ በደፉ ሆድ በኩል ወደ ግድግዳው ይመለሳል። ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ከመስኮቱ ሥር ያለው ምርጊት እያበጠ የሚረግፈው በዚህ ምክንያት ነው። ከደፉ ሆድ ላይ፣ ከጫፉ ሁለት ሳንቲሜትር ገባ ብሎ፣ እርሳስ የሚያስተኛ ቦይ ቢቆፈር ውሃው ቦዩን መሻገር አቅቶት ይንጠባጠባል። ደፉ ወደ ውጭ ዘቅዘቅ ማለት አለበት፤ ከግድግዳውም ወጣ ማለት አለበት። ለዚህ መሮና ትዕግሥት እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም። በሦስቱ ጎን ደግሞ መቃኑ እርከን ሊኖረው ይገባል፤ መዝጊያው ሲዘጋ እርከኑ ላይ ስለሚደገፍ ነፋሱ ቀጥ ብሎ አይገባም፣ መታጠፍ አለበት።

መስታወቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያጣብቀው ስቱኮ ነው። የቀድሞው የመስታወት ስቱኮ በተልባ ዘይት የተለወሰ የነጭ ኖራ ድንጋይ ዱቄት ነበር፤ ዛሬም በብዙ አገር የሚሠራው እንዲሁ ነው። የተልባ ዘይት አየር ሲነካው ቀስ በቀስ ይጠጥራል፣ ለዚህም ነው ለእንጨት ቀለምና ቅባት የተመረጠው። ለሰሜን ደጋ ገበሬ ተልባ የጓሮ ነገር ነው፤ ዘይቱ ለእንጨት ቅባትነት አለመታሰቡ ይቆጨኛል። የፓልም የምግብ ዘይት ግን አይተካውም፤ አይደርቅም፣ አቧራ ሰብስቦ ይቀራል። ቀለም ሲቀባ የሚረሳ ቦታ አለ፤ የመዝጊያው የታችና የላይ ጠርዝ። እንጨት ውሃ የሚጠጣው በተቆረጠው ጫፉ በኩል ነውና ፊቱን ብቻ አሳምሮ ቀብቶ ታችኛውን ጠርዝ ራቁቱን መተው ብስባሴን መጋበዝ ነው።

ቀጥሎ ማሸጊያው ነው። በፋብሪካ የተሠራ የጎማና የፀጉር ማሸጊያ በትልልቅ ከተሞች ይገኛል። በሌለበት ከአሮጌ ካላማዳሪያ አንድ ጣት ስፋት እየተቆረጠ እርከኑ ላይ በትንንሽ ምስማር ቢመታ መዝጊያው ሲገፋው ይጨመቃል፣ ነፋሱን ይይዛል። መወርወሪያው ግን ጎማውን የሚጨምቅ መሆን አለበት፤ የላላ መወርወሪያ ከጎማ ጋር ቢገጠምም ባይገጠምም ያው ነው።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያሻል። ደባርቅ ላይ ብርድ ሲበረታ ከሰል አቀጣጥሎ ክፍል ማስገባት የተለመደ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታትና ድካም አስመስሎ ይጀምርና የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። የሚያፈስ መስኮት በነበረበት ቤት ክፍተቱ ሳይታወቅ ነፍስ ሲያድን ኖሯል። ስለዚህ ጥሩ አድርጎ ያሸገ ሰው አደጋውንም አብሮ አስገብቷል። ከሰሉ ከመኝታ በፊት መውጣት አለበት፤ ለዚህ ምትክ የለውም። ከዚያ በተረፈ መስኮቱ ብርድ ሳያስገባ ጥቂት አየር የሚያስተነፍስበት መንገድ ቢኖረው ጥሩ ነው።

ዘንበል የሚል መስኮት የተፈለገው ለዚሁ ነው። መስኮቱ እንደ በር በጎኑ ከመከፈቱ ሌላ ከላይ በኩል ወደ ውስጥ ጥቂት ሳንቲሜትር ይዘነበላል፤ የታችኛው ጠርዝ ከመቃኑ አይለቅም። አየሩ በላይ ይለዋወጣል፣ ዝናቡ መስታወቱን መትቶ በውጭ በኩል ይወርዳል፣ ክፍተቱም ሰው አያስገባም። ይህን ብረት በፋብሪካ ደረጃ በብዛት በማምረት ስሙ የሚነሳው ጀርመናዊው ቪልሄልም ፍራንክ ነው፤ በ1935 (እ.ኤ.አ.) በሽቱትጋርት ጀመረው። ያ ዓመት ለእኛ የማይጨው ዋዜማ ነበርና ስለ መስኮት የሚያስብ አልነበረም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመዝጊያው ጠርዝ ዙሪያ በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ ቀጭን የብረት ዘንግ ይተኛል። እጀታው ሲዞር ዘንጉ ይንሸራተታል፤ በዘንጉ ላይ የተተከሉት ራሳቸው እንደ እንጉዳይ የሰፋ ጉጦች መቃኑ ላይ ባሉ መያዣዎች ውስጥ እየገቡና እየወጡ መዝጊያውን ያስራሉ፣ ይፈታሉ። እጀታው ወደ ታች ሲሆን መስኮቱ ተቆልፏል፣ ጎማውም በዙሪያው እኩል ተጨምቋል። አግድም ሲሆን በጎን ይከፈታል። ወደ ላይ ሲሆን የታችኛው ጠርዝ ይታሰርና የላይኛው ጥግ በመቀስ መሰል ክንድ ብቻ ተይዞ ይዘነበላል። መስኮቱ ተከፍቶ ሳለ እጀታውን ወደ ላይ ያዞረ ሰው ይደነግጣል፤ መዝጊያው ከላይ በመቀሱ ክንድ ብቻ ተይዞ በታችኛው ጥግ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከመቃኑ ጋር መልሶ ገጥሞ እጀታውን ማስተካከል ነው። የተሻሉት ዓይነቶች ይህን ስህተት የሚከለክል ትንሽ ምላስ አላቸው።

ይህን ዓይነት ብረት አስመጥቶ በባሕር ዛፍ መስኮት ላይ መግጠም አያዋጣም። የዘንጉ ቦይ በማሽን ልክ መቦርቦር አለበት፤ እንጨቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ከተጣመመ ጉጡ መያዣውን አያገኘውም። ሐሳቡን ግን ማንም አናጢ ሊወስደው ይችላል። መስኮቱን ለሁለት ከፍሎ ታችኛውን እንደተለመደው በጎን የሚከፈት፣ የላይኛውን 30 ሳንቲሜትር ደግሞ ዘንበል የሚል ማድረግ ይቻላል። ለላይኛው ሁለት ማጠፊያ ከሥሩ፣ አንድ መወርወሪያ ከአናቱ፣ ከ10 እስከ 12 ሳንቲሜትር ብቻ እንዲዘነበል የሚይዙት ሁለት አጫጭር ሰንሰለቶች በግራና በቀኝ ይበቃሉ። ውሃ የሚያስቸግረው በታች፣ ማጠፊያው ባለበት መገናኛ ነው። ስለዚህ ከዚያ ጠርዝ በውጭ በኩል ዘቅዘቅ ያለ ጠባብ ጣውላ ተመትቶ መገናኛውን መሸፈን አለበት፤ ከሆዱም ያው የእርሳስ ቦይ አይቅር። ከውጭ የብረት ፍርግርግ ላለው ቤት ይህ ወደ ውስጥ መዘንበሉ ተጨማሪ ምቾት ነው። መጋረጃ የሚሰቅሉ ሰዎች ብቻ ዘንጉን ከፍ አድርገው እንዲያስተክሉ ይነገራቸው። የቤቱን መስኮት ሁሉ በአንዴ መለወጥም አያስፈልግም፤ ከማድ ቤቱ ቢጀመር ጭሱ መውጫ ያገኛል፣ ቀጥሎ የመኝታ ክፍሉ፣ ሳሎኑ መጨረሻ ቢሆን ችግር የለውም።