የአደን ጠመንጃ ጌጥና አገልግሎት
ገዢ የሚከፍለው ለሚታየው ነው ወይስ ለማይታየው?

ሁለት የአደን ጠመንጃዎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀርቡ የተመልካች ዐይን አስቀድሞ የሚያርፈው ወርቅና ብር ባለበት ላይ ነው። የአንደኛው ብረት በቅጠልና በሐረግ ተቀርጾ፥ በጎኑ የወርቅ አንበሳ ተከትቶበት፥ ሰደፉ እንደ ነብር ቆዳ የተዥጐረጐረ ነው። ሁለተኛው ጥቁር ብረትና ቡናማ እንጨት ብቻ ነው። ዋጋቸው ሲጠየቅ ግን ጌጥ የሌለው በልጦ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ለአዲስ ነጋዴ እንቆቅልሽ ይሆንበታል፤ በሙያው ለኖረ ሰው ግን ምክንያቱ ግልጽ ነው። ይኸውም በዚህ ዕቃ ዋጋ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ከዐይን የተሰወረው ሥራ ስለ ሆነ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጌጥ ጥንተ ነገር

በአውሮፓ ነገሥታትና መሳፍንት ዘንድ የአደን መሣሪያ የማዕርግ ምልክት ነበር፤ ንጉሥም ለንጉሥ እጅ መንሻ አድርጎ ይልከው ነበር። ከዚህም የተነሣ ጠመንጃ ሠሪው፥ አንጥረኛው፥ እንጨት ጠራቢውና ቅርጽ አውጪው በአንድ ከተማ ተጎራብተው መሥራት ጀመሩ። የቤልጅግ ሊዬዥ፥ የኢጣሊያ ጋርዶኔ፥ የአውስትሪያ ፌርላኽ፥ የጀርመን ዙል፥ የእንግሊዝ ለንደንና በርሚንግሃም በዚህ ሙያ ስማቸው የተጠራ ከተሞች ናቸው። በጋርዶኔ የሚገኘው የቤሬታ ቤት ለቬኒስ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት 185 አፈሙዝ የሸጠበት ሰነድ የተጻፈው በ1526 ነው።

ይሁን እንጂ እነዚህ ከተሞች ስማቸውን ያጸኑት በቅርጽ ውበት ብቻ አልነበረም። የለንደን ጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር በ1637 የንጉሥ ቻርተር ተቀበለ፤ በሊዬዥ የአፈሙዝ ፈተና በ1672 በሕግ ተደነገገ፤ በርሚንግሃምም በ1813 የራሷን መፈተኛ ቤት አቋቋመች። በመፈተኛ ቤት ጠመንጃው ከተለመደው የበለጠ ኀይል ያለው ጥይት ይተኮስበታል፤ ሳይሰነጠቅና ሳያብጥ ከቀረ በብረቱ ላይ ማኅተም ይመታበታል። ማኅተሟ ከጣት ጥፍር አትበልጥም፤ የተኳሹን ፊትና እጅ የምትጠብቀው ግን እርስዋ እንጂ የወርቁ አንበሳ አይደለም። በ1914 በብራሰልስ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የፈተና ኮሚሲዮንም አባል አገሮች አንዱ የሌላውን ማኅተም እንዲቀበል ስላደረገ፥ ይህች ትንሽ ምልክት ድንበር ተሻጋሪ የንግድ ዋስትና ለመሆን በቅታለች።

ከጌጥ መካከል ጥቅም ያለው

ጌጥ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። ዛሬ እንደ ጌጥ ከሚቆጠሩት ነገሮች አያሌዎቹ መጀመሪያ የተፈለሰፉት ለሥራ ነው። በሰደፉ አንገት ላይ እንደ መረብ ተሰነጣጥቆ የሚታየው ጭረት፥ በላብ ወይም በዝናብ የራሰ እጅ እንዳይንሸራተት የተበጀ ነው። በብረቱ ላይ እንደ ደመና ተቀላቅሎ የሚታየው ሰማያዊና ቡናማ ቀለምም የቀለም ቀቢ ሥራ አይደለም። ብረቱ ከአጥንትና ከእንጨት ከሰል ጋር ታሽጎ በእሳት ከጋለ በኋላ በውሃ ውስጥ በድንገት ሲነከር የላይኛው ቆዳው ይጠነክራል፤ ቀለሙ የዚህ ማጠንከሪያ ትራፊ ነው። የብረቱ ጥቁር ሰማያዊ ቅብም ዝገትን ያዘገያል፥ የፀሐይን ነጸብራቅም ይቀንሳል። ደቃቅ የሐረግ ቅርጽ እንኳ የብረቱን ልሙጥ ገጽ ስለሚሰባብር ብልጭታውን ያደበዝዛል፤ ከጊዜ ብዛት የሚመጣውንም ጭረት ይሸሽጋል።

ጌጥ አገልግሎትን ሲጎዳ

ችግሩ የሚጀምረው ጌጡ ሥራውን ሲቃወም ነው። ለዚህ ሰደፍ ጥሩ ምሳሌ ነው። የዋልነት እንጨት የሚወደደው በመልኩ መዥጐርጐር ነው፤ ነገር ግን መልክ የሚሰጠው የተጠማዘዘ ጭረት እንጨቱን ያደክመዋል። አዋቂ ጠራቢ መልከኛውን ክፍል ትከሻ ላይ በሚያርፈው በሰፊው ጫፍ ያስቀረዋል፤ በሰደፉ አንገት፥ ማለት እጅ በሚጨብጠው ቀጭኑ ክፍል ግን የእንጨቱ ጭረት ቀጥ ብሎ እንዲያልፍ ያደርጋል። መልክን ብቻ ተመልክቶ የተጠረበ ሰደፍ፥ የትልቅ ጥይት ግፊት ሲደጋገምበት አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል። እንዲሁም እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ በሱቅ መስኮት ያማረ ቢሆንም፥ በዱር ውስጥ ብልጭታው የአዳኙን ሥፍራ ለአውሬው ይናገርበታል።

ጎሽ ወይም ዝሆን በቅርብ ርቀት ለገጠመው አዳኝ ይህ ሁሉ የውበት ክርክር አይደለም። በዚያች ቅጽበት የሚፈለገው ሁለተኛው ጥይት ሳይነክስ መግባቱ፥ ቃታው ሳይከዳ መሳቡ፥ ጠመንጃውም ከትከሻ ጋር ገጥሞ ወደ ዒላማው መቅናቱ ብቻ ነው።

የማይታየው ሥራ

ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ለምን ውድ እንደ ሆነ የሚያስረዳው ይህ ነው። ሁለቱ አፈሙዞች ጎን ለጎን በብየዳ ይያያዛሉ። ነገር ግን አንዱ ሲተኮስ ጠመንጃውን ወደ ቀኝ፥ ሌላው ሲተኮስ ወደ ግራ ስለሚገፋው፥ ሁለቱም ጥይቶች አንድ ዒላማ እንዲመቱ አፈሙዞቹ በልክ መቃናት አለባቸው። ሠራተኛው ይተኩሳል፥ ይመለከታል፥ ጫፉን በእሳት አላልቶ በመካከል ያለውን ሽብልቅ ጥቂት ያንቀሳቅሳል፥ እንደ ገና ይተኩሳል። በተወሰነው ርቀት፥ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 100 ሜትር ባለው መካከል፥ ሁለቱ ጥይቶች ተጠጋግተው እስኪያርፉ ድረስ ይህ ይደጋገማል። ሥራው ሲያልቅ በውጭ የሚታይ አንዳች ምልክት የለም። ቅርጽ አውጪው የሚደክመው ከዚህ በኋላ ነው፤ የርሱም ድካም ለብዙ ሳምንታት ሊዘልቅ፥ ዋጋውም ከጠመንጃው ከራሱ ዋጋ ሊተካከል ይችላል። በመልካም ቤት የተሠራ ቅርጽ ይህን ስውር ሥራ ያከብራል። ተራ በሆነ መካኒክ ላይ የተለጠፈ ወርቅ ግን «መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ» እንደሚባለው ነው።

የ1964 ትምህርት

በቊጠባ ስም ከጌጥም ከአገልግሎትም የቀነሰ ፋብሪካ ምን እንደሚደርስበት የአሜሪካው የዊንቼስተር ሞዴል 70 ታሪክ ያስረዳል። ይህ ጠመንጃ በ1936 ለገበያ ቀርቦ በአዳኞች ዘንድ ታላቅ ዝና አግኝቶ ነበር። ዳሩ ግን የእጅ ሥራ ዋጋ እየናረ ስለ ሄደ በ1964 አሠራሩ ተለወጠ። በእጅ ይቀረጽ የነበረው የሰደፍ ጭረት በማሽን ተጭኖ የሚታተም ሆነ፤ ጥይቱን ከመጋዘኑ ጀምሮ ጨብጦ የሚያስገባው ትልቅ መንጠቆም ቀረ። ገዢዎች ለውጡን ወዲያውኑ አወቁት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ «ከ64 በፊት» የሚለው ቃል በአሮጌ ጠመንጃ ገበያ የዋጋ ጭማሪ ማለት ሆነ። ፋብሪካውም በኋላ፥ በ1990ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ፥ መንጠቆውን መልሶ ለማቅረብ ተገደደ። ልብ ሊባል የሚገባው፥ ገዢ የታተመውን ጭረት ያየው እንደ ምስክር መሆኑ ነው፤ በሚታየው ላይ የቈጠበ በማይታየውም ላይ ይቈጥባል ብሎ ጠረጠረ፥ ጥርጣሬውም እውነት ሆነ።

የብር ሰሌዳዋ

በአንጻሩ ደግሞ ጥቂት ጌጥ ብዙ ዋጋ የሚያተርፍበት ጊዜ አለ። ጂም ኮርቤት በ1907 በሰሜን ሕንድ በቻምፓዋት 436 ሰዎች ገድላለች የተባለችውን ነብሪት በመግደሉ፥ የአገሩ ምክትል ገዢ የለንደኑ ሪግቢ ቤት የሠራውን ጠመንጃ ሸለመው። ጠመንጃው በማውዘር መካኒክ የተሠራ፥ ቀላልና ጌጥ የሌለው ነው፤ በሰደፉ ላይ ሽልማቱን የሚናገር ጽሑፍ ያለባት አንዲት ትንሽ የብር ሰሌዳ ብቻ አለች። ኮርቤትም በግድግዳ ላይ ሳይሰቅል ለዓመታት አደነበት። ሰብሳቢዎች ይህን ጠመንጃ በክብር የሚመለከቱት ብሩ ስለሚመዝን ሳይሆን፥ ብሩ የሚመሰክርለት ሥራ እውነተኛ ስለ ሆነ ነው።

ለነጋዴ የሚበጀው

ይህን ዕቃ በሕግ ተፈቅዶለት የሚነግድ ሰው በመጀመሪያ ገዢው ማን እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። ሰብሳቢ የሚገዛው የቅርጽ አውጪውን ፊርማ፥ የመጀመሪያውን ቅብና የፋብሪካውን መዝገብ ነው፤ ስለዚህ አሮጌውን ጠመንጃ ወልውሎ ማሳደስ ዋጋውን ይጥለዋል። አዳኝ የሚገዛው ግን ሥራውን ነው፤ ለርሱ የሚጠቅመው የፈተናው ማኅተም፥ የሰደፉ አንገት፥ የመቀርቀሪያው መግጠምና ጥይቱ በገበያ መገኘቱ ነው። ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ በ1912 ያወጣው የ375 ማግነም ጥይት እስከ ዛሬ በብዙ አገር ስለሚሸጥ፥ ለርሱ የተሠራ ተራ ጠመንጃ ጥይቱ ከጠፋ ባለ ወርቅ ጠመንጃ ይልቅ ለአዳኝ ይሻላል።

በአሮጌ ጠመንጃ ላይ የተከተተ የዝሆን ጥርስም በተለይ ሊመረመር ይገባል። በ1989 በዓለም አቀፍ ስምምነት የአፍሪካ ዝሆን ጥርስ ንግድ ስለ ተከለከለ፥ እንዲህ ያለው ጌጥ ያለ ሕጋዊ ወረቀት ከመጣ ሙሉውን ዕቃ በጉምሩክ ሊያስይዝ ይችላል። ያን ጊዜ ዋጋ ይጨምራል የተባለው ጌጥ ዋናውንም ገንዘብ ይዞ ይጠፋል።

በአጠቃላይ፥ የታወቁት ጠመንጃ ሠሪዎች የሥራ ቅደም ተከተል ለነጋዴም መመሪያ ይሆነዋል። እነርሱ አስቀድሞ አፈሙዙን ይፈትናሉ፥ ቀጥሎ መካኒኩን ያስማማሉ፥ ሰደፉን ለተኳሹ ይለካሉ፤ ወርቁን የሚያነሡት በመጨረሻ ነው። ነጋዴም ዕቃውን ሲመረምር በዚሁ ተራ ቢሄድና ወርቁን በመጨረሻ ቢመለከት፥ ገንዘቡንም የደንበኛውንም እምነት ይጠብቃል።