የዶርም ድልድል፦ ከፊደል ተራ ወደ ዕጣ

ወደ ግቢ የሚገባ አዲስ ተማሪ ሁለት ጊዜ ይመደባል። የመጀመሪያው ምደባ የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚገባ ይነግረዋል፤ ይፋ በሆነ ቀን ቤተሰቡም ሰፈሩም የሚያወራው ስለ እሱ ነው። ሁለተኛው የዶርም ድልድል ነው። ተማሪው ብርድ ልብሱን፣ አንሶላውንና የትራስ ጨርቁን ይዞ ግቢ እስኪደርስ ድረስ ይህን ምደባ የሚያነሳው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ሌሊት ከማን ጋር እንደሚያድር፣ ፈተና ሲደርስ ከማን ጋር እንደሚያጠና፣ ሲታመም ማን ክሊኒክ እንደሚያደርሰው የሚወስነው ይኸው ሁለተኛው ምደባ ነው። አሠራሩን ቀረብ ብሎ ላየው መታረም ያለበት ነገር አለው፤ የተለመደው የስም ፊደል ተራ ገለልተኛ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ በግልጽ ዕጣ ቢተካ ለተማሪውም ለአገሩም ይበጃል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሬጅስትራር የአዲስ ገቢዎችን ስም ዝርዝር ለተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ይልካል። የሴትና የወንድ ብሎክ ይለያል፤ ተማሪው በዓመቱና በትምህርት ክፍሉ ይመደባል፤ ከዚያ በኋላ በብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ተደርድሮ ክፍሎቹ ከላይ ወደ ታች ይሞላሉ። ውጤቱ ብሎኩ በር ላይ ይለጠፋል፤ አንዳንድ ግቢ ደግሞ በተማሪው ፖርታል ላይ ይለቀቃል፦ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ብሎክ፣ የክፍል ቁጥር። ፕሮክተሩ መዝገቡን ገልጦ ስሙን ያመሳክራል፤ ተማሪው ለአልጋው፣ ለፍራሹና ለሎከሩ ይፈርማል፤ የሎከሩን ቁልፍ ራሱ ገዝቶ ያመጣል። ከተደራራቢው አልጋ የታችኛው ቀድሞ ለደረሰ ነው። ይህ ሁሉ ችሮታም አይደለም። ከ1995 ዓ.ም. ደንብ ቁጥር 91 ወዲህ የመኝታና የምግብ ወጪ ተማሪው በወጪ መጋራት ውል ፈርሞ ከተመረቀ በኋላ የሚከፍለው ዕዳ ነው። ባለዕዳ ደግሞ የሚከፍልበት ክፍል በምን መመዘኛ እንደተሰጠው የመጠየቅ መብት አለው።

የፊደል ተራ ለማንም አያዳላም የሚባለው ስም ምንም የማይናገር ቢሆን ነበር። የእኛ ስም ግን ብዙ ይናገራል። የቤተሰብ ስም ስለሌለን ዝርዝሩ የሚደረደረው በራስ ስም ነው፤ የራስ ስም ደግሞ ሃይማኖትንና አገርን ይዞ ይመጣል። በገብረ የሚጀምሩት ገብረመድኅን፣ ገብረሥላሴና ገብረእግዚአብሔር ተከታትለው ይወርዳሉ፤ ሙሐመዶችም እንዲሁ። ጎልቶ የሚታየው ግን የጋምቤላ አኙዋ ተማሪዎች ጉዳይ ነው። ኦባንግ፣ ኦጁሉ፣ ኦኬሎ፣ ኦሞድ እንደሚባሉት የአኙዋ ወንዶች ስም በአብዛኛው በ«ኦ» ይጀምራል፤ የሴቶቹ ደግሞ በ«አ»። ስለዚህ ማንም ለይቶ ሊያስቀምጣቸው ሳያስብ፣ ከአንድ ወረዳ የመጡ ልጆች በፊደል ኃይል ብቻ አንድ ክፍል ሊገቡ ይችላሉ። ለምሳሌ በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጠርዝ፣ ቂሊንጦ የሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በራሱ መግቢያ ፈተና ከመላ አገሪቱ ተማሪ የሚቀበል ተቋም ነው። እንዲህ ያለ ግቢ ያሰባሰበውን ብዝኃነት በር ላይ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት መልሶ ሊበትነው አይገባም።

የክፍል ጓደኛ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚል መልስ አለ። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ብሩስ ሳሰርዶት በ2001 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የአሜሪካው ዳርትመዝ ኮሌጅ ጥናት በዕጣ የተመደበ የክፍል ጓደኛ የተማሪውን ውጤት እንደሚነካ አሳይቷል። ለእኛ የሚቀርበው በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመው የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው፦ ከጥቁር ተማሪ ጋር የተመደቡ ነጮች የነበራቸው የተዛባ ግምት ቀነሰ፤ ከሌላ ዘር ጋር የኖሩ ጥቁር ተማሪዎች ደግሞ የተሻለ ውጤት አገኙ። በራሳችንም ታሪክ፣ በ1950ዎቹ በነፃ ትምህርት ዕድል ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጡት የሌሎች አፍሪካ አገሮች ተማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር አብረው በመኖራቸው የእኛ ተማሪዎች ስለ አገራቸው የሚያነሱት ጥያቄ እንደተቀየረ የተማሪዎችን ንቅናቄ ያጠኑ የታሪክ ምሁራን ጽፈዋል።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የደኅንነት ነው። በ2012 ዓ.ም. በግቢዎች ውስጥ በተነሳው የብሔር ግጭት ተማሪዎች ሞተዋል፤ ልጁን ከቦሌ ወይም ከኮተቤ አንስቶ ሩቅ አገር የሚልክ ወላጅ «ከወገኑ ጋር ይደር» ቢል የሚፈረድበት አይደለም። ሆኖም ፍርሃቱ እውነተኛ ስለሆነ መፍትሔው ትክክል ነው ማለት አይደለም። የአንድ ወገን መሆኑ የታወቀ ክፍል በክፉ ቀን ለጥቃት ለመለየት ይቀላል፤ በዚያው ልክ ለጥቃት ለመደራጀትም ይመቻል። የተቀላቀለ ክፍል ሁለቱንም ያከብዳል። ሁለተኛው ተቃውሞ የኑሮ ልማድ ነው፦ ጾም፣ ሶላት፣ የሌሊት ጸሎት፣ መብራት የሚጠፋበት ሰዓት። ይህም ቢሆን ከስም ተገምቶ የሚወሰን አይደለም። ምዝገባ ላይ ሌሊት ያጠናሉ ወይስ በጊዜ ይተኛሉ ብሎ መጠየቅ፣ የሐኪም ማስረጃ ላለው ወይም እንቅስቃሴ ለሚያስቸግረው ምድር ቤት መስጠት፣ ከአንድ ወር በኋላ ያልተስማማ ክፍል እንዲቀይር መፍቀድ ይበቃል።

የሦስተኛው ተቃውሞ ምስክር አዲስ አበባ ራሷ ናት፦ ዕጣም ይጭበረበራል። እውነት ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የወጣው የ14ኛው ዙር የኮንዶሚኒየም ዕጣ በመረጃ ማጭበርበር ምክንያት ተሰርዟል። ያን ጊዜ የተበላሸው ግን ወደ ዕጣው የገባው መረጃ ነበር፤ የተወሰደውም እርምጃ ዕጣን መተው ሳይሆን እንደገና ማውጣት ነው። በዕጣ ወደ ቦሌ አራብሳና ወደ የካ አባዶ የገቡ ሰዎች ዛሬ የማያውቁትን ሰው ጎረቤት አድርገው፣ ደረጃ ተጋርተውና ዕድር መሥርተው ይኖራሉ። ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህ ሁለቱንም ትምህርት መውሰድ ይችላሉ። የመግቢያ ጥሪው ላይ ድልድሉ በምን እንደሚሠራ በግልጽ ይጻፍ፤ ዕጣው የተማሪ ተወካዮች ባሉበት ይውጣ፤ የሚለጠፈው ዝርዝር ቅሬታ የሚቀርብበትን ቢሮና የመጨረሻ ቀን ይያዝ። ለዚህ አዲስ ሕንፃም ተጨማሪ በጀትም አያስፈልግም፤ የሚጠይቀው የዲኑን ጽሕፈት ቤት ውሳኔ ብቻ ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ገቢ ተማሪም ሊደርስበት ይችላል።