«ባንኬ ካልገባ ታክስ የለም» እና ሌሎች የክሪፕቶ ወሬዎች

«ገንዘቡ ባንኬ እስካልገባ ድረስ ታክስ አይመለከተኝም።» አሜሪካ ሆነው ክሪፕቶ ከሚነግዱ ወገኖቻችን አፍ የማይጠፋው አባባል ይኸው ነው። የአሜሪካው ግብር ሰብሳቢ አይአርኤስ ግን በ2014 ባወጣው ማስታወቂያ ክሪፕቶን የቆጠረው እንደ ንብረት እንጂ እንደ ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ ቢትኮይን ሰጥቶ ቴተር የተባለውን ሌላ ክሪፕቶ መውሰድ ንብረት መሸጥ ነው፤ አንድ ዶላር በእጅ ባይገባም ትርፉ ወይም ኪሳራው እዚያው ይሰላል።

«ፊውቸርስ (በወደፊት ዋጋ ላይ የሚገባ ውል) ሁሉ አንድ ነው» የሚለው ደግሞ ብዙ ሰውን ያስከፍላል። የመንግሥት ቁጥጥር ባለበት የቺካጎው ገበያ፣ በሲኤምኢ፣ የሚሸጠው የቢትኮይን ፊውቸርስ በታክስ ሕጉ አንቀጽ 1256 ይዳኛል። ውሉ ሁለት ቀን ብቻ ቢያዝ እንኳ ከትርፉ 60 በመቶው የረጅም ጊዜ፣ 40 በመቶው የአጭር ጊዜ ትርፍ ይባላል። የረጅም ጊዜው መጣኔ ጣሪያ 20 በመቶ፣ የአጭር ጊዜው 37 በመቶ ስለሆነ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በምላሹ ዲሴምበር 31 ላይ ክፍት የሆነ ውል በዕለቱ ዋጋ እንደተሸጠ ይታሰባል፤ «ካልዘጋሁ አልከፍልም» እዚህ አይሠራም። በውጭ አገር መገበያያዎች ያለው ማብቂያ ቀን የሌለው ውል፣ ነጋዴዎቹ «ፐርፕ» የሚሉት፣ ፊውቸርስ ስለተባለ ብቻ ይህን ጥቅም አያገኝም።

ከሁሉም የሚያስቸግረው «ሊኩዊዴት ተደርጌ (መያዣዬ በግዴታ ተወስዶ) ባዶዬን ቀርቼ ምን የሚሞላ የታክስ ፎርም አለ?» የሚለው ነው። አንድ ሰው በ4 ሺህ ዶላር የገዛው ቢትኮይን 10 ሺህ አወጣ እንበል። እሱን አስይዞ በኢቴሪየም ዋጋ ላይ በሌቨሬጅ፣ ማለትም ካስያዘው በላይ በሆነ ገንዘብ፣ ገባ፤ ገበያው ዞረበትና የ10 ሺህ ዶላሩ መያዣ ሙሉ በሙሉ ተወሰደ። ሰውየው «10 ሺህ ከሰርኩ» ብሎ ሊሞላ ይቸኩላል። ነገር ግን ቢትኮይኑ ለኪሳራው ሲከፈል በ10 ሺህ እንደተሸጠ ይቆጠራል፤ 6 ሺህ ትርፍ አለበት። በውሉ ከከሰረው 10 ሺህ ላይ ይህ ሲነሳ የተጣራ ኪሳራው 4 ሺህ ነው። ሌላ የንብረት ትርፍ ከሌለው ደግሞ በዚያ ዓመት ከደሞዙ ላይ የሚቀነስለት 3 ሺህ ብቻ ሲሆን ቀሪው 1 ሺህ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ጭራሽ ካልሞላ ይህችንም ያጣታል። እኔ ይሄ ያሳዝነኛል፤ ከሳሪ ሆኖ መብቱን የሚጥል ሰው ብዙ ነው።

«ማን ያየኛል?» ለሚለው፣ የፎርም 1040 የመጀመሪያ ገጽ ስለ ዲጂታል ንብረት አዎ ወይም አይደለም ብለው እንዲመልሱ ይጠይቃል፤ የሚፈርሙትም በሐሰት ቃል እንደሚያስጠይቅ አውቀው ነው። ከ2025 ግብይት ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ መገበያያዎች ሽያጭዎን 1099-ዲኤ በሚባል ፎርም በቀጥታ ለአይአርኤስ ያሳውቃሉ። የውጭዎቹ ባይልኩም ግዴታው አይቀርም፤ የአሜሪካ ዜጋና ነዋሪ የሚጠየቀው በዓለም ዙሪያ ባገኘው ገቢ ነው።

«ኤፕሪል ሲደርስ እከፍላለሁ» የሚል ሰውም ቅጣት ይጠብቀው ይሆናል። ከደሞዝ ላይ እንደሚቆረጠው ታክስ ከንግድ ትርፍ ላይ ማንም ቀድሞ አይቆርጥም፤ ዳጎስ ያለ ትርፍ ያገኘ ሰው በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በጃንዋሪ፣ ብዙውን ጊዜ 15ኛው ቀን ላይ፣ ግምቱን እየከፈለ መሄድ አለበት።