ስለ ኮድ የተጀመረ ክርክር ለምን ወደ ሰው ይዞራል?

ኮምፒዩተር አይቆጣም፣ አያኮርፍም። የተጻፈለት ፕሮግራም ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም። ታዲያ በዚህ ሙያ ላይ በጽሑፍ የሚወያዩ አዋቂ ሰዎች ስለ ምን ይዘላለፋሉ? ልጅዎ ወይም በቤተ ክርስቲያንዎ ኮምፒዩተሩን የሚይዘው ወጣት ሙያውን የሚማረው ከእነዚህ ሰዎች መካከል ገብቶ ነውና፣ ነገሩ እርስዎንም ይነካል።

በዓለም የታወቀው ምሳሌ ሊነክስ ነው። ስልክዎ አንድሮይድ ከሆነ እምብርቱ ይኸው ሊነክስ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ ፊንላንዳዊ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ጀመረው፤ ከዚያም በሺህ የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ከየአገሩ ሥራቸውን በኢሜይል እየላኩ አሳደጉት። ቶርቫልድስ ሥራው ያልጣመውን ሰው፣ ሁሉም በሚያነበው ደብዳቤ ክፉኛ ይዘልፍ ነበር። መከላከያውም ‘ለስላሳ ቃል ጥፋትን ይሸፍናል’ የሚል ነበር። የዩኤስቢ 3.0ን ክፍል የጻፉት ባለሙያ በ2015 ሥራውን የተዉት በዚሁ የአነጋገር ጠባይ ምክንያት መሆኑን በይፋ ተናገሩ። በሴፕቴምበር 2018 ቶርቫልድስ ራሱ ይቅርታ ጠየቀ፤ የሰዎችን ስሜት ለመረዳት እርዳታ እንደሚያስፈልገው ጽፎ ለጥቂት ሳምንታት ገለል አለ። በዚያው ሰሞን የሥነ ምግባር ደንብ ወጣ። ቁጣው ከዚያ ወዲህ ጨርሶ ጠፋ ማለት አይቻልም፤ ደንቡ ሥራውን ያበላሸዋል ብለው የሰጉት ሰዎች ስጋት ግን አልደረሰም።

እንግዲህ በሳንሱሲ፣ በአምቦ መንገድ በኩል ካለ ቤት ሆኖ በስልኩ ፕሮግራም የሚማር ወጣት ያስቡ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ አንድ ጥያቄ ይልካል። የሚመጣለት የመጀመሪያ መልስ “ይህን የማታውቅ ከሆነ ለምን ትደክማለህ” የሚል ነው። ሁለተኛ አይጠይቅም። ፊት ለፊት ቢሆን ኖሮ የተናጋሪው ፈገግታ ወይም የትከሻው መታ መታ ቃሉን ያለዝበው ነበር፤ ጽሑፍ ግን ራቁቱን ነው የሚደርሰው።

በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። የእንግሊዝኛው ተከራካሪ ለሁሉም አንድ ቃል አለው፤ እኛ ግን “አንተ”፣ “አንቺ” ወይም “እርስዎ” ብለን መምረጥ አለብን። በጓደኛሞች መካከል “አንተ” ፍቅር ነው። ክርክሩ መሐል ላይ “እርስዎ” የነበረው ድንገት “አንተ” ሲሆን ግን፣ ስለ ኮዱ ምንም የማያውቅ አንባቢ እንኳ ጠብ መጀመሩን ያውቃል።

ልብ ይበሉ፤ ጨዋነት ማለት ይሉኝታ አይደለም። እኛ ዘንድ፣ በተለይም በአገልግሎት አካባቢ፣ ብዙ ጊዜ የሚጎዳን ስድብ ሳይሆን ዝምታ ነው። ወንድም እንዳይከፋው ተብሎ ጥፋቱ ሳይነገረው ይቀራል፤ በኋላ ፋይሉ ሲጠፋ ሁሉም “እኔማ አውቄው ነበር” ይላል። “ይህ መስመር ፋይሉ ባዶ ሲሆን ፕሮግራሙን ያቆመዋል” ማለት ይቻላል፤ ተጠያቂው ሞክሮ ‘ልክ ነው’ ወይም ‘ልክ አይደለም’ ይላል። “አንተ ፕሮግራም አትችልም” ለሚለው ግን መልሱ ሌላ ስድብ ብቻ ነው። ጳውሎስና በርናባስ የተለያዩት በእምነት ጉዳይ ሳይሆን፣ ማርቆስን ለሥራ እንውሰደው አንውሰደው በሚል ነበር (ሐዋ. 15)። ሉቃስ ማን ትክክል እንደ ነበር አልጻፈም። ጳውሎስ ግን በኋላ ያንኑ ማርቆስን ለአገልግሎት ይጠቅመኛል ብሎ አስጠርቶታል (2 ጢሞ. 4)።

ወደ ራሳችን ፊደል እንምጣ። በቀደመው ዘመን አንድ የኮምፒዩተር ፎንት 256 ቦታ ብቻ ነበረው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ሠሪ ፊደሉን በመሰለው መንገድ ደለደለ። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪ፣ ዋሽራ የሚባሉትን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በአንዱ የተጻፈ የመዝሙር ወረቀት በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ያለ ችግር ለማንበብ የበቃው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች የጋራ ቁጥር ካገኙና ሶፍትዌሮቹም ያንን ቁጥር እየተቀበሉ ከመጡ በኋላ ነው። የትኛው ሆሄ ይግባ፣ በምን ቅደም ተከተል ይቀመጥ የሚለው ክርክር የሚያስፈልገው ጥያቄ ነበር፤ በክርክርም ተፈታ።

አሳዛኙ፣ ብዙ ቀለም የፈሰሰበት ሌላኛው ጥያቄ ነው፦ ግዕዝን መጀመሪያ ኮምፒዩተር ውስጥ ያስገባው ማነው? የደከሙት ሰዎች ክብር ይገባቸዋል፤ ታሪካቸውም በማስረጃ መጻፍ አለበት። ነገር ግን ጥያቄው ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ማስረጃ ሳይሆን የሰው ስም ማጥፋት ነው። የአማርኛ አጻጻፋችን ግን እስከ ዛሬ ከስልክ ስልክ፣ ከኮምፒዩተር ኮምፒዩተር ይለያያል፤ አንዱን ቁልፍ ሰሌዳ የለመደ ሰው ሌላው ላይ ሲቀመጥ “ኀ”ን ፍለጋ ይንከራተታል።